በጥለት የታሰረው ስንቅ

በእኛ ከተማ «ሌባ አየሁ» ብላችሁ ስትናገሩ መጀመሪያ «ማስረጃችሁ የታለ?» ትባላላችሁ። ማስረጃውን ስታመጡ «ማን ልኳችሁ ነው?» ይመጣል። ማንም አልላከንም ካላችሁ ደግሞ «ታዲያ ምን አገባችሁ?» ተብሎ ይሳቅባችኋል። እኔ ይህን ትምህርት የተማርኩት በጦርነቱ ጊዜ ነው። አስተማሪዬም ቄራ አካባቢ ትልቅ መጋዘን ያለው፣ ለሠራዊቱ ደረቅ ስንቅ ለማቅረብ ውል የወሰደ የምግብ ድርጅት ባለቤት ነበር። አለቃዬ ነው። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ «እሱ» ይበቃዋል።

ሰውየው ባዳ አይደለም። ካዛንቺስ ከእኛ ግቢ ሁለት ግቢ አልፎ ያደገ የሰፈር ልጅ ነው። እናቴ በልጅነቱ ስንት ቀን ራቱን እንዳበላችው እሷ ባትቆጥረውም እኔ አስታውሳለሁ። ሲያልፍለት ከሰፈር ወጣ፣ ግን እድሩን አልለቀቀም፤ ቀብር ላይ በጥቁር መነጽር ይመጣል፣ ከሬሳው በላይ እሱ ይታያል። እኔንም የቀጠረኝ በዚሁ የሰፈር ልጅነት ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ ነበርኩ፤ የሚገባውም የሚወጣውም እቃ በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው። ሥራዬን እወደው ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

እናቴ በሕይወቷ የምትፈራው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ድመትና ያለ ሰው መቀበር። ድመቱን ተዉት። ቀብሩ ግን ከወጣትነቷ የተከተላት ነው። ከአገር ቤት ብቻዋን አዲስ አበባ በገባችበት ዓመት፣ በተከራየችበት ግቢ አንድ ዘመድ የሌለው ሽማግሌ ሞተ። ድንኳን አልተተከለለት፣ አንድ ሰው አላለቀሰለት፣ አራት የቀን ሠራተኞች ተሸክመው ወሰዱት። «እንደ ሌማት ነው ያወጡት» ትል ነበር። ከዚያ በኋላ እድር ገባች፤ ዝናብም ይሁን ሕመም ከቀብር ቀርታ አታውቅም። ለእኛ ለሌሎቹ እድር ወርሃዊ መዋጮ ነው። ለእሷ ሃይማኖቷ ነበር።

ጦርነቱ ሲከር የእድራችን ሴቶች ስንቅ እናዘጋጅ ብለው ተነሱ። የእድሩ እቃ ቤት ያለበት ግቢ በሶ የምትቆላ፣ ዳቦ ቆሎ የምትከትፍ፣ ድርቆሽ የምታሰጣ ሴት ሞላው። ዱቄቱ ከየቤታቸው፣ ዘይቱ ከየቤታቸው፣ ጉልበቱማ መቼም የሴት ጉልበት ነውና ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እናቴ እግሯ ያበጠ፣ ልቧ የደከመ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታዛለች። «ይሄ አልበሰለም! ለባልሽ ነው እንዴ የምትሠሪው? ለወታደር ነው!»

ጆንያዎቹ ሲሞሉ አፋቸውን በሲባጎ ሊያስሩ ሲሉ እናቴ ከለከለች። ተነሥታ ከነጠላዋ ጫፍ ጥለቱን ተረተረችና በእሱ አሰረችው። «ሲፈቱት እናት እንዳሰረችው ይወቁ» አለች። ሌሎቹም ተከተሏት፤ ግቢው በሙሉ ነጠላውን መቅደድ ያዘ። ቅቤና በርበሬ የምትነግደዋ ሙስሊም ጎረቤታችን ነጠላ አልነበራትምና ቀይ ሻሿን ቀደደች። የእሷ የመጀመሪያ ልጅ ግንባር ነበር። በስልክ ሲያገኛት «ቀይ ሻሽ የታሰረበት ጆንያ ስታይ የእኔ ነው፣ ለጓደኞችህም አካፍል» ብላዋለች። ይህን ለሁላችንም ስንት ጊዜ እንደነገረችን!

ማን ያድርስልን ሲባል ሰውየው መጣ። «እማማ፣ እርስዎ ለፍተው እኔ ልቀመጥ? መኪናው የእኔ፣ ነዳጁ የእኔ፣ እስከ ሠራዊቱ የስንቅ ማሰባሰቢያ ድረስ አደርሳለሁ» አለ። እልል ተባለ። አንዷ እግሩን ልትስም ምንም አልቀራት። አንድም ሰው «ስታስረክብ ደረሰኝ አምጣልን» አላለም። የሰፈር ልጅ ደረሰኝ ይጠየቃል እንዴ? ነውር ነው! ይሉኝታ የሚባለው ነገር ስንት ሌባ እንዳሳደገ ቢቆጠር መርካቶ አይበቃውም።

በሳምንቱ ጠዋት መጋዘን ስገባ ጆንያዎቹ ተደርድረው አገኘኋቸው። መጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩም። ቀረብ ብዬ ጥለቱን ያዝኩት። አረንጓዴ ሆኖ ዳሩ ላይ ቀጭን ቢጫ ያለበት፣ በመጀመሪያ ደሞዜ ለእናቴ የገዛሁላት ነጠላ ነው። አጠገቡ የሻሹ ቀይ ቁራጭ። የቀን ሠራተኞቹ ጥለቱን በቢላ እየበጠሱ መሬት ላይ ይጥላሉ፣ በሶውን ድርጅቱ ባሳተመው ላስቲክ ይገለብጣሉ። ላስቲኩ ላይ የስንዴ ዛላ ሥዕል አለ፤ ከሥሩ «በእናት እጅ የተዘጋጀ» ይላል። ወይ ጉድ! በዚያ መጋዘን ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ እውነት የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ነገሩ ምሥጢር የሚያሻው አይደለም። መንግሥት ከድርጅቱ ስንቅ ገዝቷል። ሰፈሩ ደግሞ በነፃ ስንቅ ሰጥቷል። ወታደሩ ሁለቱም ሊደርሰው ይገባ ነበር። ሰውየው የሰፈሩን ወስዶ የድርጅቱ ነው ብሎ ያስረክባል፤ እሱ የሚያመርተው ሳይመረት ይቀራል፣ ክፍያው ግን ይገባል። አንድ ፍሬ ገብስ ሳይቆላ!

ቢሮው ገባሁ። «ይሄ እኮ የእኛ ሰፈር ስንቅ ነው» አልኩት።

«አዎ፣ ለሃይጂን ነው። ማለቴ፣ በጆንያ አይቀበሉም። በቃ እኛ አሽገን እናስረክባለን።»

«ታዲያ የእኛ ምርት ተብሎ ለምን ይወጣል?»

ፈገግ አለ። «አንቺ ደግሞ! የእኛ የእነሱ ምን ያደርጋል? አገር እኮ ናት የተያዘችው።»

አገር የምትባለውን ቃል እንደዚያን ቀን ጠልቻት አላውቅም። መሬት ከወደቀው ጥለት አንዱን አንሥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ጥቆማ ወደሚቀበል መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የተቀበለኝ ወጣት ክራቫቱ የሚያንቀው የሚመስል ትሁት ልጅ ነው። የምለውን ሁሉ ላፕቶፑ ላይ መዘገበ። ጥለቱን ሳሳየው በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ይሄ ጨርቅ ነው አይደል?» አለኝ። የእናቴ ነጠላ ነው አልኩት። «እሺ እህት፣ ስምሽ ኮንፊደንሻል ነው፣ አትስጊ» ብሎ እስከ በሩ ሸኘኝ።

ታክሲዬ ወሎ ሰፈር ሳይደርስ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። «እህቴ፣ ምነው? ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ጨርቅ ይዘሽ ስትዞሪ አታፍሪም?» ጨርቁን ሳይቀር ነግረውታል! ኮንፊደንሻል ማለት «ከአለቃሽ በስተቀር ማንም አይሰማም» ማለት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

አላባረረኝም። ማባረር የባለጌ ነው፣ እሱ ጨዋ ነው። አሳደገኝ! «የሰነድ ማስተባበሪያ ኃላፊ» ተብዬ ቡልጋሪያ ሰፈር አንድ ጋራዥ ፎቅ ላይ ወዳለች ክፍል ተዛወርኩ። በክፍሏ ውስጥ የሚተባበር ሰነድ ቀርቶ የስልክ ቻርጀር መሰኪያ የለም። ከታች የሚረጨው የመኪና ቀለም ሽታ እንደ ጉንፋን አፍንጫዬ ላይ ከረመ። አብረውኝ ምሳ ይበሉ የነበሩት የመጋዘን ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ማለቴ፣ ስብሰባ አለብን» እያሉ ያልፉኛል። በእሑድ ቀን ምን ዓይነት ስብሰባ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። እኔም ክርና መንጠቆ ይዤ ገባሁና ዳንቴል ሠራሁ። የድርጅቱን ደሞዝ እየበላሁ የአልጋ ልብስ የጨረስኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ይህን እችለው ነበር። ምን አቅቶኝ? ግን እሱ የት እንደሚያመኝ ያውቃል፤ የሰፈር ልጅ አይደል? ጥቂት ቆይቶ «የሰፈሩን ስንቅ የሸጠችው የመጋዘን ኃላፊዋ ናት» የሚል ወሬ ካዛንቺስ ገባ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! እናትየዋ አዘጋጀች፣ ልጅየዋ ቸበቸበች፣ ሲነቃባት ደግሞ ለጋሱን ሰው ከሰሰች። በዚያ ሰሞን መቼም ወሬ ብቻውን አይሄድምና «ለመሆኑ ዘሯ ከየት ነው?» የሚልም አልጠፋ። አባቴ ቄራ ሥጋ ሲሸከም የኖረ ሰው ነው፤ ዘሩን በሬዎቹ እንኳ ጠይቀውት አያውቁም።

ወሬው ሲበስል ሰውየው ለእድሩ ስጦታ አመጣ። አዲስ ድንኳን፣ ሰፊ፣ ዝናብ የማያስገባ፣ ከነወንበሩ። ጎኑ ላይ የድርጅቱ ስም እንደ ሱቅ ታፔላ ተጽፎበታል። የእድሩ ዳኛ፣ ጡረታ የወጡ፣ ፀጉራቸው የነጣ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ አጨበጨቡ። በዚያው ስብሰባ ላይ «የእድሩ ንብረት ጠፍቷልና ነገሩ እስኪጣራ» ተብሎ እናቴ ታገደች። ከመዋጮ፣ ከስብሰባ፣ ከቀብር። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ሬሳ ስትሸኝ የኖረች ሴት!

እናቴ ዜናውን ስትሰማ አላለቀሰችም። ግድግዳውን እያየች «ታዲያ እኔን ማን ይቀብረኛል?» አለች። ሐኪሙ ልቧ ብዙ እንደማይቆይ ነግሮን ነበርና ጥያቄው የወሬ ጥያቄ አልነበረም። «እኔ አለሁ አይደል?» አልኳት። «አንቺ ብቻሽን ሬሳ ትሸከሚያለሽ?» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል ከአፏ እየራቀ ሄደ።

ወዲያው አንድ እሑድ ሽማግሌ መጣ። ሦስት ናቸው፤ ዳኛው ተናጋሪ፣ ሁለቱ «እውነት ነው» ባዮች። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጭ በነጭ ለብሰው ገቡና ተደርድረው ተቀመጡ። ዳኛው ከሩቅ ጀመሩ፤ ስለ ፍቅር፣ ስለ ጉርብትና፣ ስለ ሟች አባቴ ጨዋነት። ሲደርሱበት ነገሩ ይህ ነው፦ ጥቆማውን አንሺ፣ ሰውየውን ይቅርታ ጠይቂ፣ እሱም ይቅር ይልሻል፣ የእናትሽም እገዳ ይነሣል።

«ምን አጥፍቼ ነው ይቅርታ የምጠይቀው?» አልኩ።

«ልጄ፣ ታናሽ ነሽ። ታናሽ ያጠፋል እንጂ አይበደልም።»

«በሶው የማን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ አይደል ጋሼ? ባለቤትዎም ነጠላቸውን ቀድደዋል እኮ።»

ዳኛው ሳል ያዛቸው። «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» አሉ ከሳሉ በኋላ። አይ ሽምግልና! ሌባና ተሰራቂን እኩል ለእኩል አስታርቆ፣ ተሰራቂው ለሌባው ድካም ይቅርታ ይጠይቅ ይላል። አላደርገውም አልኩ። ሦስቱም ከወንበራቸው ተነሡ። ሽማግሌ ቆሞ ከለመነ በኋላ እምቢ ማለት እርግማን ነው፤ ይህን እነሱም ያውቃሉ፣ ለዚህም ነው የሚቆሙት። እኔ ግን ቆመው ቢያድሩም ግድ አልነበረኝም፤ ደሜ ፈልቷል።

እናቴ ከአልጋዋ ወረደች። ግድግዳ ተደግፋ፣ እግሯን እየጎተተች መጣችና ዝቅ ብላ የዳኛውን ጉልበት ያዘች። «እኔ ይቅርታ ጠይቄያለሁ» አለች። «የወለድኳት እኔ ነኝ። ጥፋት ካለ የእኔ ነው። ንገሩት፣ ይቅርታ ብላለች በሉት።»

ጮህኩ መሰለኝ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው፤ «እናት ከጠየቀች ልጅ ጠየቀች ማለት ነው» ብለው መረቁ፣ ጠላ ጠጡ፣ ሄዱ። በጎተራዋ የነበረውን ገብስ ጠርጋ የቆላች፣ ነጠላዋን የቀደደች ሴት፣ ያንን ለሰረቃት ሰው ተንበረከከች። ያን ጊዜ የተሰማኝን ንዴት ዛሬም ሳስበው ጥርሴ ይንገጫገጫል።

አልጋዋ ላይ መልሼ ሳስተኛት እጄን ያዘችኝ። «አትቆጪ። እኔ የጠየቅሁት ለድንኳኑ ነው፣ ለእሱ አይደለም» አለች። «አንቺ ግን ይቅርታ እንዳትዪው። እኔ ሂያጅ ነኝ፣ የእኔ ቃል አብሮኝ ይቀበራል። ያንቺ እዚህ ነው የሚቀረው። አፈር ስሆንልሽ፣ እንዳትዪው።»

ጥቆማውን አላነሣሁም። የትም አልደረሰም፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ቡልጋሪያ ያለችዋ ክፍሌም «ለድርጅቱ አላስፈላጊ ሆና በመገኘቷ» ተዘጋች፤ እኔም አብሬ ተዘጋሁ። እናቴ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። እገዳዋ ተነሥቶ ነበርና እድሩ ነቅሎ ወጣ። ድንኳኑ በራችን ላይ ተተከለ፣ ከነጽሑፉ። ቀብሯ ላይ የነበረውን ሰው ብዛት ብታይ ኖሮ ደስታዋ ከሞት ያስነሣት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሰውየው ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ጥቁር መነጽር፣ ሁለት አጃቢ፣ ከፊት ወንበር። ልብ በሉ፣ በሐዘን ጊዜ ሴት ነጠላዋን የምትለብሰው ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ ፊቷ አድርጋ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ተከታትለው ገብተው ፊት ለፊቱ ተደረደሩ። መጀመሪያ አላስተዋልኩም። ከዚያ አየሁት። ሁሉም ያንኑ ነጠላ ነበር የለበሱት፣ ያንኑ የተቀደደውን፣ የተቀደደውንም ጫፍ ወደ ላይ አድርገው። የአንዷ ጥለት ግማሽ ድረስ የለም፣ የሌላዋ ክሩ ተንጠልጥሏል። የዳኛው ሚስት ሳይቀሩ! ሌባው ማን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል። ሁሉም፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ። እናቴ ስትታገድ ሳል ይዟቸው የከረሙት በሙሉ። ልጠላቸው ይሁን ልስማቸው አላወቅሁም፤ አሁንም አላውቅም።

እሱ መነጽሩን አላወለቀምና ዓይኑ የት እንዳለ አይታይም። ወደ እኔ ጎንበስ አለና ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ «እግዚአብሔር ያጥናሽ። እማማ እንኳ ይቅር ተባብለን ነው ያለፉት። አንቺስ ዛሬ ምን ትያለሽ?» አለኝ። በእናቴ ሐዘን ላይ፣ በራሱ ድንኳን ሥር፣ ያቺን አንዲት ቃል ሊወስድ!

አፌን ሳልከፍት ቅቤ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ተነሣች። ራሷ ላይ ያ ቀይ ሻሽ አለ፣ ጎኑ የተቀደደው። ልጇ ከግንባር ከተመለሰ ገና ጥቂት ጊዜው ነበር።

«ልጄ ደህና ገባልህ» አለችው።

«እግዚአብሔር… አላህ ይመስገን» አለ።

«ቀይ ሻሽ የታሰረበት ጆንያ ስፈልግ ከረምኩ አለኝ። ጓደኞቹን ሁሉ ‹የእናቴ ስንቅ ይመጣል› ብሎ ሲያስጠብቃቸው ነበር። አንድም ቀን አላየሁም አለኝ። አንተ ነህ የጫንከው። የት አደረስከው?»

«ማለቴ… እሱ ጉዳይ… በቃ፣ አሁን ለቅሶ ላይ…» አለና ወደ ዳኛው ዞረ። ዳኛው ጫማቸውን ያያሉ። ሴቶቹ አልተንቀሳቀሱም፤ የተቀደደውን ጥለት አፋቸው ላይ እንደያዙ ያዩታል። ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰገደና ወጣ፣ አጃቢዎቹ ተከተሉት። ሲወጣ ከድንኳኑ ገመድ ጋር ተጋጭቶ መነጽሩ ወደቀ፤ አላነሣውም።

ድርጅቱ ዛሬም አለ፣ ሌላ ውል ወስዷል ሲሉ እሰማለሁ። ካዛንቺስ ፈርሷል፤ ግቢያችን የነበረበት አሁን አስፋልት ነው፤ ሴቶቹም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። አልፎ አልፎ ከማላውቀው ቁጥር ይደወልና የሆነ ሽማግሌ «ልጄ፣ ነገሩ በይቅርታ ቢያልቅ» ይለኛል። እናቴ ጠይቃለች እላቸዋለሁ፤ የእሷ ቃል አብሯት ተቀብሯል። የእኔ ይኸው እዚህ አለ።